የእንቅልፍ መዝገብ

ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለእህተ ማርያም፣ አማን

እቴቴ፣ ይህ ወረቀት ሲደርስዎ እዚያ ብርዱ ገብቶ ይሆናል፤ እኛ ዘንድ ጤፉ እየታጨደ ነው። የእማዬ ምርቃት፣ የጎረቤቱ ሁሉ ሰላምታ፣ የእኔም የጉልበት ስሞሽ አብሮ ይድረስዎ። እመቤታችን ያሉበትን ደጅ ትጠብቅልን።

በስልክ ያልነገርኩዎ እማዬ ከአጠገቤ ስለማትጠፋ ነው። "እህቴ ናት? አምጪው!" ትልና ትነጥቀኛለች፤ ከዚያ ሁለታችሁ ትላቀሳላችሁ፣ ሒሳቡ ያልቃል፣ የተባለ ነገር የለም። ስለዚህ መጻፍ ይሻላል ብያለሁ። መልሱን እህቴ ህይወት በምታስተምርበት ትምህርት ቤት ፖስታ ሳጥን ይላኩልኝ።

የህይወት በሽታ ስም ወጣለት። አዲስ አበባ በመሣሪያ ጭንቅላቷን ፎቶ አንስተው መልቲፕል ስክለሮሲስ ነው አሉ። ሐኪሙ ለእማዬ ሲያስረዳት፣ "የኤሌክትሪክ ሽቦ ላስቲክ አለው አይደል? የሰው ነርቭም እንደዚያ ሽፋን አለው። የልጅዎ ሰውነት ጠላት የመጣበት እየመሰለው የራሱን ሽፋን ይልጣል" አላት። እማዬ ሰምታ ሰምታ፣ "ታዲያ ማን አጣላቸው?" አለችው። 

ስድሳ ልጅ በዓይኗ ብቻ ጸጥ የምታሰኘው እህቴ አሁን ጠመኔ ከእጇ ይወድቃል። ግን እቴቴ፣ ሐኪሙ ያለው አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም፤ "እንቅልፏን ጠብቁላት።" በሽታው እንቅልፍ ይነሳል፤ እንቅልፍ ማጣቱ ደግሞ ተመልሶ ድካሙንና ሕመሙን ያባብሰዋል። ሌሊት እግሯ በራሱ ይኮማተርና ይፈናጠራል፣ ለሽንትም አራት ጊዜ ደግፈን እናስነሳታለን። የቀረላት ቀን ነው። ቀን ደግሞ ያው ጠያቂ አለ።

ትናንት ገና ሸለብ ሲያደርጋት አያ ስመኘው ደረሱ።

"የት አለች?"

"ተኝታለች አያ፣ እባክዎ ቀስ ይበሉ።"

"ተኝታለች? ቀስቅሷት እንጂ! ከሽንዲ ድረስ የመጣሁ ግድግዳ ልጠይቅ ነው?"

እማዬ አፍራ ቀሰቀሰቻት። አያ ስመኘው ከአልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብለው ምን ቢሏት ጥሩ ነው? "አይዞሽ ልጄ፣ ዋናው ዕረፍት ነው።"

እኔ ቡሬ ካምፓስ የተማርኩት የእንስሳት ሳይንስ ነው። ላም የቀኑን ግማሽ ያህል ካልተጋደመች ወተቷ ይጎድላል ተብለን ተፈትነንበታል። ለላም የታሰበ ለእህቴ ለምን ይቀራል አልኩና እንደ በረት መዝገብ አድርጌ ደብተር ከፈትኩላት፤ ስንት ሰዓት ተኛች፣ ስንቴ ነቃች፣ ማን ቀሰቀሳት፣ በማግስቱ ስንት እርምጃ ሄደች። ህይወት ዓምዶቹን አይታ፣ "እንግዲህ መታለብ ብቻ ቀረኝ" አለች። ከታመመች ወዲህ ስትቀልድ የመጀመሪያዋ ነው።

የታዘዘላት ክኒን እዚህ አልተገኘም። ስሙን በሌላ ወረቀት ጽፌ አያይዤዋለሁ። እዚያ ካለ ይድረሱላት። ቡሬ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ አመልክቻለሁ፤ ሲሳካ ወጪውን እኔ እረከብዎታለሁ።

ልጅዎ ማርያማዊት


አማን፣ ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለማርያማዊት

አንድ አምላክ እህቴን በጤና፣ ህይወትን በእግሯ፣ አንቺን በሥራ ያቁምልኝ። ደብዳቤሽ ሰባት ሳምንት በመንገድ ከርሞ ደረሰኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። "ማን አጣላቸው" ያለችው የእህቴ የንግሥቴ ነገር አስቆኝ ሲያበቃ አስለቀሰኝ።

ክኒኑ እዚህ አለ። የሦስት ወሩን ገዝቼ ወደ ደምበጫ በምትመለስ ወለተ ጊዮርጊስ በምትባል ልጅ ልኬዋለሁ፤ መናኸሪያ ሄደሽ ተቀበያት። ስለ ቀጣዩም አትስጊ። ቀን ከማዳም ቤት ሆኜ ሌሊት አንዲት አሮጊት ዘንድ ሥራ ይዣለሁ። ቀላል ነው፣ ተቀምጦ ማደር ብቻ ነው። ለእናትሽ ግን አትንገሪያት፤ ትጨነቃለች።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዲሁ ለማወቅ ያህል ነው። ህይወት መጀመሪያ የታመመችው ምኗን ነበር? ዓይኗን ነው ወይስ እግሯን? ከዘር ይመጣል ወይ ብላችሁስ ሐኪሙን ጠይቃችሁታል? መልሱን ስትጽፊ በደንብ ዘርዝሪው። የመሰለሽን ሳይሆን ያየሽውን ጻፊልኝ።

መዝገብሽን ደግሞ እንዳታቋርጪ።

አክስትሽ እህተ ማርያም


ፍኖተ ሰላም፣ መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

እቴቴ፣ እንዴት ሰነበቱልኝ? እንደ እርስዎ ያለ ለጋስ እጅ አይጥፋ። ክኒኑን ተቀብያለሁ። ህይወት ካርቶኑን ደረቷ ላይ አቅፋ ያዘችው።

የጠየቁኝ ነገር መልሱ እንዲህ ነው። የጀመራት ከቀኝ ዓይኗ ነው። ዓይኗን ስታዞር ያማት ነበር፤ ከዚያ ቀለም ጠፋባት። እማዬ በርበሬ አስፈጭታ ብትመጣ፣ "ይህ ቡናማ ነገር ምንድን ነው?" አለቻት። እማዬ ቅልቅል የሸጡላት መስሏት ወፍጮ ቤቱን ልታምስ ነበር። በርበሬው ግን ደም የመሰለ ቀይ ነው። ከወራት በኋላ አንገቷን ስትደፋ ከጀርባዋ እስከ እግሯ ኤሌክትሪክ የነዘራት ይመስላት ጀመር። ከዚያ ግራ እግሯ መጎተት ያዘ። የዘሩን ነገር ሐኪሙ፣ "ብዙውን ጊዜ አይደለም፤ ግን በአንዳንድ ቤት ከአንድ ሰው በላይ ይይዛል" ብሎናል። እርስዎም ሐኪም ሆነው ቀሩ ብዬ ሳቅሁ።

አሁን የእኔን ጀብዱ ይስሙ። ህይወት ተኝታ ሳለች ጠያቂ እንዳይገባ አግዳሚ ወንበሮቹን አውጥቼ ከአጥሩ ውጭ ደረደርኳቸው። የመጣ ሁሉ እዚያ ይቀመጣል፣ ድምፁን አያሰማም፣ ስትነቃ እጠራዋለሁ። በሁለተኛው ቀን አሥራ አምስት ሰው ነጠላውን ተከናንቦ ዝም ብሎ ደጅ ተቀምጧል። እኔ በሥራዬ ኮርቻለሁ። አያ ስመኘው ከገበያ ሲመለሱ ከሩቅ አይተው ምን ቢያስቡ ጥሩ ነው? በትራቸውን ወርውረው፣ "ወይኔ ህይወቴ! ወይኔ ልጄ! ሳልሰናበትሽ!" እያሉ መጡ። ሌሎቹም እውነት መስሏቸው ለቅሶውን ተቀበሏቸው። በደቂቃ ውስጥ ለቅሶ ቤት ሆንን። ህይወት ግድግዳ ይዛ በር ላይ ወጥታ፣ "ማን ሞቶ ነው?" ስትል ሁለት ሴቶች ከወንበር ወደቁ።

እማዬ ግን አልሳቀችም። "በቁሟ አስለቀስሽባት። ሰው ጠልተሽ ሰው አስጠላሽን። ነገ ስንሞት ማን ይቀብረናል?" አለችኝ። "እማ፣ ሰው አልጠላሁም፣ እንቅልፍ ነው የፈለግሁ" ብላት ወንበሮቹን አንድ በአንድ ወደ ቤት መለሰቻቸው። ሦስት ቀን አላናገረችኝም።

መዝገቡ ግን ይናገራል። በደንብ ከተኛች በማግስቱ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ትደርሳለች። ካልተኛች ከአልጋ እስከ በር። በዚያ ላይ ማታ የምትውጠው ሌላ ክኒን ራሱ እንቅልፍ የሚነሳ ሆኖ ተገኘ፤ ሐኪሙ በስልክ ወደ ጠዋት አዛወረላት።

ሐኪሙ ያ ከውጭ የሚመጣው ክኒን መቋረጥ የለበትም ብሏል። የሌሊቱ ሥራ ተቀምጦ ማደር ብቻ ከሆነ፣ እቴቴ፣ እባክዎ እስከ መስከረም ይያዙልኝ። ያን ጊዜ እኔ ሥራ አገኛለሁ። በእርግጠኝነት።

ማርያማዊት


አማን፣ ሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ማርዬ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሳችሁ። ጾሙን በሰላም አስፈትቶ ለዚህ ያበቃን አምላክ ለዓመቱም አይለየን።

መስመሩ ቢዛነፍብሽ አትሳቂብኝ፤ የክፍላችን አምፖል ደብዛዛ ነው። ፊደሉንም ያተለቅሁት ለዚያ ነው።

ክኒኑን ልኬያለሁ፣ የአራት ወር ነው። የለቅሶውን ነገር ለማዳም ልጅ በዐረብኛ ላስረዳት ብዬ አልሆነልኝም፤ ብቻዬን ሳቅሁ። እሷም እኔ ላይ የምትስቅበት አላጣችም። በቀደም "ቀዩን ሹራቤን አምጪልኝ" ብላኝ ቡናማውን ይዤላት ሄድኩ። "ቀይ ነው፣ ቀይ!" ትለኛለች፣ እኔ ከቡናማው ጋር እከራከራለሁ። ቀዩ እሱ ራሱ ኖሯል።

ከመዝገብሽ ተመልክተሽ አንድ ነገር ንገሪኝ። ህይወት እንቅልፍ ካጣች በስንት ቀኗ ነው የሚብስባት? መልሳ ስትተኛስ የሄደው ሁሉ ይመለሳል ወይስ የሚቀር አለ?

እህቴን ሳሚልኝ።

እህተ ማርያም


ፍኖተ ሰላም፣ ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

እቴቴ፣ የምስራች ይዣለሁ! ክረምቱ በዝናብ ገብቷል፣ እኛ ግን ፀሐይ ላይ ነን። ህይወት ፈተና ልታርም ትምህርት ቤት ውላ መጣች። በእግሯ!

እማዬን ደግሞ አያውቋትም። በግንቦት መግቢያ ከህይወት ጋር አምስት ሌሊት በተከታታይ እየተነሳች ስታድር ደክማ፣ እሑድ ቅዳሴ ላይ መቋሚያዋን ተደግፋ ቆማ እንቅልፍ ወሰዳት። ሕዝቡ ተሰናብቶ ሲወጣ እሷ ቆማለች። አባ ሀብተሚካኤል፣ የንስሐ አባቷ፣ ቀረብ ብለው፣ "ንግሥቴ፣ ቅዳሴው አልቋል" አሏት። ደንግጣ "አሜን!" አለች፤ የቀረው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ቤት ስትመለስ ግን ቁጭ ብላ፣ "አምስት ቀን እንዲህ ካደረገኝ ልጄ እንዴት ሰነበተች?" አለች።

በማግስቱ አባ ሀብተሚካኤል ከቅዳሴ በኋላ፣ "የህይወትን ደጅ ረግጦ የተመለሰ ጠይቋታል፤ መግባት አያስፈልግም" ብለው ተናገሩ። አሁን በሩን የምትጠብቀው እማዬ ናት፣ ከዘራ ይዛ። አያ ስመኘው ሲመጡ በምልክት ታወራቸዋለች፤ እሳቸውም በምልክት ይመልሳሉ። ድምፅ የሌለው ጭቅጭቃቸው ቢታይ ያስቃል።

ለጥያቄዎ፤ እንደ መዝገቡ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ነው የሚብስባት። መልሳ ስትተኛ ብዙው ይመለሳል። ሁሉም ግን አይመለስም። የቀኝ ዓይኗ ቀለም አልተመለሰም።

የሹራቡን ነገር ጮክ ብዬ ሳነበው እማዬና እኔ በሳቅ ሞትን። ህይወት ግን አልሳቀችም። ደብዳቤውን ከእጄ ተቀብላ ወደ መስኮቱ ወስዳ ፊደሎቹን ብቻ ስታይ ቆየች። ያን ሌሊት አልተኛችም፤ በመዝገቡ ከወር ወዲህ የመጀመሪያው መጥፎ ሌሊት ነው። ማን ቀሰቀሳት በሚለው ዓምድ ምን እንደምጽፍ ጨንቆኝ ባዶ ተውኩት። ከዚያ ወዲህ ክኒኗን ራሷ ማስቀመጥ፣ ራሷ መዋጥ ጀምራለች። በራሷ መቻሏን ወድጄዋለሁ።

የቡሬው ፓርክ ለጊዜው አልተሳካም፤ ሌላ ቦታ አመልክቻለሁ። እቴቴ፣ አፍሬም ቢሆን ልናገረው፤ የሌሊቱን ሥራ አንድ ዓመት ብቻ ይጨምሩልን። ይኸው እግሯን አቆሙልን እኮ! ከዚያ በኋላ አልጠይቅዎትም።

ማርያማዊት


አማን፣ ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማርያማዊት

ማርዬ፣ የእጅ ጽሑፉ ተለወጠ ብለሽ አትደንግጪ። እኔ እየተናገርኩ የምትጽፈው ክፍል የምንጋራት ሠርክአዲስ ናት፤ የቡሬ ልጅ ናት። እግዚአብሔር በሰው እጅም ቢሆን ደብዳቤ አላሳጣኝም፤ ይመስገን።

የእኔ ዓይን የጀመረው ባለፈው ጥቅምት ነው። ማዳም መነጽር ግዢ አለችኝ፣ ገዛሁ። የመጀመሪያ ደብዳቤሽን ሳነብ ስለ ህይወት የተጻፈ ሳይሆን ስለ እኔ መሰለኝ። ለዚያ ነው የጠየቅሁሽ። የበርበሬውን ስትጽፊልኝ ወጥ ቤት ገብቼ የበርበሬ ዕቃዬን ከፈትኩና አየሁት። ቡናማ ነበር። 

በሰኔ ወር ደረጃ ላይ ወደቅሁ። ሐኪም ቤት ወስደው ጭንቅላቴን በመሣሪያ ፎቶ አነሱኝና ስሙን በዐረብኛ ነገሩኝ። ቀደም ብዬ በአንቺ ደብዳቤ በአማርኛ ሰምቼው ስለነበር አላስተረጎምኩም።

ለምን ዝም አልሽ ትይኛለሽ። ብናገር ህይወት ክኒኑን አልውጥም እንደምትል አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ አዝዬ ያሳደግኋት። የነበረኝ ገንዘብ ለአንድ ሰው ክኒን የሚበቃ ነው። እሷ ፊት ለፊቷ ስድሳ ልጅ አለ። እኔ ፊት ለፊቴ ያለው የሰው ወለል ነው።

ተቀምጦ ማደር ነው ያልኩሽ ደግሞ ውሸት ነው፤ ይቅር በይኝ። አሮጊቷ በየሰዓቱ ትገላበጣለች፤ እኔ ነኝ የማገላብጣት። ሰባት ወር እንዲያ አደርኩ። መዝገብሽን እያነበብኩ የራሴን በልቤ እይዝ ነበር። ልክ ነሽ፤ በአራተኛው ቀን ነው። ሁሉም አይመለስም ያልሽውም ልክ ነው።

አንቺን ግን እንዳይከፋሽ። ከሐኪሞቹ አምስት ወር ቀድሜ ያወቅሁት ካንቺ ነው።

ማዳም አሰናብታኛለች። የመውጫ ወረቀቴ ሲያልቅ በጥቅምት መጨረሻ እመጣለሁ። ከእንግዲህ ክኒን መላክ አልችልም። የምለምንሽ አንድ ነገር አለ። ያን በር ለእኔም ትጠብቁልኛላችሁ ወይ? እኔ ብቻዬን ሆኜ የማልቀሰቀስበት ቤት ካየሁ

[እኔ ሠርክአዲስ ነኝ። እዚህ ላይ ስትደርስ እየተናገረች አንቀላፋች። የቀረውን ላስጨርሳትና ላስፈርማት ብዬ ነበር፤ መቀስቀስ አልሆነልኝም። እንዲሁ ልኬዋለሁ።]


ፍኖተ ሰላም፣ መስከረም 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእናቴ ለእህተ ማርያም

እንኳን አደረሰዎ ለማለት እጄ አልታዘዝ አለኝ። ሜዳው አበባ ለብሷል፤ እኔ ግን ቀና ብዬ አላየሁትም።

ደብዳቤዎችዎን ሁሉ አውጥቼ ከመዝገቡ ጎን ዘረጋኋቸው። ሁሉም ነገር ተጽፎ ነበር። ዓይን ነው ወይስ እግር፣ ከዘር ነው ወይ፣ የተዛነፈው መስመር፣ ሹራቡ። ዓምድ አስምሬ የእህቴን እንቅልፍ በደቂቃ ስቆጥር፣ ለዚያ እንቅልፍ የሚነቃ ሌላ ሰው እንዳለ አንድም ቀን አልጻፍኩም። እንቅልፍ ማጣት ምን እንደሚያደርግ ከሁሉም በላይ የማውቅ እኔ፣ "አንድ ዓመት ይጨምሩልን" ብዬ ለመንኩዎት። 

ህይወት አውቃ ነበር። "ሹራቡን ያነበብሽ ቀን ነው ያወቅሁ። በርበሬዬ ናት። ልነግርሽ አፌን ስከፍት አንቺ ስለ ከርሞው ክኒን ታወሪ ነበር" አለችኝ። ከዚያ ትራሷን ገለጠችልኝ። እቴቴ፣ እርስዎ በሚያዝያ የላኩት ካርቶን ሁሉ ከአንዱ በቀር እንደታሸገ ነው። "የእቴቴ ነው፤ ስትመጣ ትውጠው ብዬ ነው" አለች። ከሐምሌ ጀምሮ እየተኛች እግሯ ለምን እንደከዳት ሳይገባኝ ቀርቶ ነበር። በመዝገቤ "ተኛች፣ ዜሮ እርምጃ" እያልኩ ሁለት ወር ጻፍኩ። ክኒን የሚባል ዓምድ አልነበረኝም።

እርስዎ ለእሷ ብለው ዝም አሉ፣ እሷ ለእርስዎ ብላ ዝም አለች፣ እኔ መሐል ላይ ተቀምጬ አወራሁ።

ሐኪሙ በስልክ ተቆጥቶ እንደገና አስጀምሯታል። አሁን ሁለት ሰው ደግፈናት በር ድረስ ትመጣለች። ከዚያ አላለፈችም። ያልፋል ብዬ እጽፍልዎ ነበር፤ እንዳልዋሽዎ ፈራሁ።

ለእማዬ ደብዳቤዎን አነበብኩላት። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ተነስታ ጓዳ ገባችና የእርስዎን የድሮ አልጋ ብቻዋን እየጎተተች አወጣችው፤ ከህይወት አልጋ ጎን አኖረችው። ከዚያ በር ላይ ቁጭ አለች። አያ ስመኘው ከሽንዲ ሲመጡ በምልክት ምን ሆነሽ አሏት። በጣቷ አንድ ብላ ወደ ውስጥ አሳየቻቸው፤ ሁለት ብላ ወደ ሰማይ፣ ወደ አውሮፕላኑ መንገድ። ገብቷቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው አጠገቧ ተቀመጡ። ድምፅ ሳያወጡ አብረው አለቀሱ። ህይወት አልነቃችም።

አዲስ ደብተር ገዝቻለሁ። በመጀመሪያው ገጽ የእርስዎ ስም አለ፤ የክኒን ዓምድም አለው። የሚመጡበትን ቀን ሳውቅ አዲስ አበባ ድረስ ወጥቼ እቀበልዎታለሁ። በአውቶቡሱም ትከሻዬን ይደገፉ፤ ደምበጫ ሲደርስ "ልንደርስ ነው" ብዬ አልቀሰቅስዎትም።

በዚህ ደብዳቤ የምጠይቅዎ ነገር የለም።

እህቴ ሠርክአዲስ፣ ይህ ሲደርስ እቴቴ ተኝታ ከሆነ አታንቂያት። ደብዳቤው ይጠብቃታል።

ማርያማዊት